ለስላሳው የትኛው ነው?

ክብርት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ዴሊማ፣ የጋራዡ አለቃ ጆንሰር፣ ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ የትኬት መስኮት ልጆች፣ በአጠቃላይ የአንጊን ዶሎክ አውቶቡስ ኩባንያ ክቡራትና ክቡራን፤ ስለዚህ የስንብት ምሳ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዓሣው እጅ የሚያስቆረጥም ነበር። አሳማውን ያረደውም ሰው እጁ ይባረክ። በመናኸሪያ ዘመኔ ብዙ ደም አይቻለሁ፤ ለምግብ ሲውል ሳይ ግን ደስ ይለኛል። ትከሻዬ ላይ ስላለበሳችሁኝ ኡሎስም አመሰግናለሁ። ሽመናው ወፍራም ነው፣ ሙቀቱ ቢገድለኝም እስክንለያይ ድረስ አላወልቀውም።

ንግግር አልችልም። እኔ የማውቀው መጮህ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ «ፔካንባሩ! ፔካንባሩ! አንድ ሰው የቀረው!» ስል ኖሬያለሁ። አንድ ሰው ቀረ ስል ስንት ወንበር ባዶ እንደነበር እናንተ ታውቃላችሁ።

በግራ በኩል የተቀመጣችሁ ጆሮዬን እያያችሁ ነው። እዩት፣ አልቆጣም። ግማሽ ነው። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር አዲስ ታሪክ እፈጥርለታለሁ። ለኑርማላ ውሻ ነው ብያታለሁ። ለሳውት ደግሞ የተሰበረ መስታወት ነው ብዬዋለሁ። ዛሬ እውነቱን ልናገር። ጆሮዬን የበላው ሰው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከበሩ አጠገብ፣ ጥቁር መነጽር ካደረጉት ሽማግሌ ጎን ተቀምጦ ሁለተኛ ሳህኑን እየጨረሰ ነው። ማንጋራ ይባላል። የፒናሳ ሰው ነው። አዎ፣ የተቀናቃኛችን የፒናሳ። ወይዘሮ ዴሊማ፣ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታዎን ከወዲሁ እጠይቃለሁ፣ ከዚህ የከፋም ገና ይመጣል።

ለምን ዛሬ ትናገራለህ ብትሉኝ፣ ስለ ባለፈው ሐሙስ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከመስኮታችን ፊት ለፊት፣ ሳውት የአንዲትን ሴት ሻንጣ ከፒናሳ ልጅ እጅ መንጭቆ ወሰደ። ልጁ ሲከተለው በክርኑ አፉ ላይ ነረተው። ጥርሱ ወለሉ ላይ ሲንከባለል እኔ በመስኮቱ አይቼዋለሁ። ሴትዮዋ ጮኸች፣ እናንተ ሳቃችሁ። ከመካከላችሁም አንዱ፣ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ «ይሄ ነው የአማንግ ቢንሳር ዘር!» ብሎ በእኔ ስም አሞገሰው።

ያ ሳቅ አንጀቴን አሳረረው። ሳውት፣ ቀና በል። በአንተ ላይ ልፈርድ አይደለም የቆምኩት። አንተ አንድ ጥርስ ነው ያወለቅከው። እኔ ምን እንዳደረግኩ ስትሰማ ትርቃለህ ወይ ትቀርባለህ፣ እሱን አንተ ታውቃለህ።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የሲያንታር መናኸሪያችን ጣሪያ አልነበረውም። ወደ ፔካንባሩ የሚሄዱ ሁለት ኩባንያዎች ነበሩ፤ እኛና ፒናሳ። ዛሬ ተሳፋሪው ስልኩን ከፍቶ የወንበሩን ስፋት፣ የሽንት ቤቱን ንጽሕና፣ የመነሻውን ሰዓት፣ ሰው የሰጠውን ኮከብ ሁሉ ያያል። ያኔ የሚያየው እኛን ብቻ ነበር። አንድ እግሩን ከታክሲ ሳያወርድ ስምንት እጅ ይይዘዋል። ምቾት ማለት ሸሚዝህ ሳይቀደድ አውቶቡስ ውስጥ መግባት ነበር።

ሕግ ግን ነበረን። ሻንጣውን ቀድሞ የያዘ ደላላ ተሳፋሪውን ይዟል። አለቀ። እጅህ የሻንጣው ማንጠልጠያ ላይ ካረፈ፣ ሰውዬው ያንተ ነው፤ የሚነካው የለም። ይህን ሕግ የሚሽር አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም ዝምድና ነው። መቼም እኛ ባታኮች እኛው ነን፤ ስም ሳንጠያየቅ ጎሳ እንጠያየቃለን። ተሳፋሪው ከአንዱ ደላላ ጋር በጎሳ ከተዛመደ፣ ሻንጣው በማንም እጅ ቢሆን ይለቀቃል። ዘመዱን ጥሎ በምቹ ወንበር የሄደ ሰው መንደሩ ሲመለስ ማን ሰላም ይለዋል? ስለዚህ ሰዉ የሚመርጠው አውቶቡስ አልነበረም። ዘመድ ነበር የሚመርጠው።

እኔም እናት አበዛሁ።

ሳቁ፣ ሳቁ። በዚያ መናኸሪያ ውስጥ ሰባት እናቶች ነበሩኝ። ለሲናጋ ሰው እናቴ የሲናጋ ልጅ ናት፣ ለጉልቶም ሰው የጉልቶም ልጅ። እውነተኛዋ እናቴ የማኒክ ልጅ ናት። እሷ ምስኪን ቤቷ ቁጭ ብላ ሩዟን ስታበጥር፣ እኔ ጠዋት ለአንዱ ጎሳ ከሰዓት ለሌላው እየዳርኳት እውል ነበር።

ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ማንጋራ ነበር። በየቀኑ እንፋጅ ነበር። ሰላምታችን ቡጢ ነው። አንድ ቀን ፊቴን በጋለ ራዲያተር ላይ ደፍቆኛል፤ ጉንጬ ላይ ያለው ጠባሳ የእሱ ፊርማ ነው። እኔም በማግስቱ ሁለት ጣቶቹን በዕቃ መጫኛው በር ቀርጥፌለታለሁ። እስከ ዛሬ ማንኪያ ሲይዝ ይታወቅበታል፤ ማንጋራ፣ አሳያቸው። የሲያንታር የጥርስ ሐኪም ሁላችንንም በስማችን ይጠራን ነበር። ተገድጄ ነው የምደባደበው እያልኩ ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ። ውሸት ነው። እወደው ነበር። ጠዋት ስነሳ እጄን ይበላኝ ነበር።

እንግዲህ ዕለቱ ሰኞ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። አንድ ገበሬ ከሳሞሲር ደሴት መጥተው ከታክሲ ወረዱ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ጎንታም አምባሪታ ይባላሉ። ከጎናቸው ልጃቸው ሮቱዋ ሆዷን በእጇ ደግፋ ቀስ እያለች ትራመዳለች። ከስምንት ቀን በፊት እዚሁ ሲያንታር ትርፍ አንጀቷን በቀዶ ጥገና አውጥተውላት፣ ስፌቱ ገና አልጠገገም። ፔካንባሩ በአስተማሪነት ተቀጥራለች፤ በማግስቱ ቀርባ ካልፈረመች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የአሥራ አራት ሰዓት መንገድ ነው። ያኔ መንገዱ ምን እንደነበር የድሮ ሹፌሮች ታውቃላችሁ። በጉድጓዱ መካከል መንገድ ነበር የምንፈልገው።

ስምንት እጅ ያዛቸው። ሽማግሌው አልጮኹም፣ አልታገሉም። ቆሙና አንድ ጥያቄ ጠየቁን።

«ልጆቼ፣ ለስላሳው የትኛው ነው? ልጄ ስፌት አላት።»

መልሱን የማያውቅ አልነበረም። የፒናሳ አውቶቡስ በዚያ ወር የገባ ነው፣ በአየር ትራስ ላይ የተቀመጠ፣ ወንበሩ እስከ ኋላ የሚተኛ። የእኛ ቁጥር አሥራ ሁለት ከጭነት መኪና የተፈታ ባሌስትራ ነበር የታሰረለት። ጆንሰር፣ አትቆጣ፣ ያኔ አንተ አልነበርክም። ባሌስትራው ግን ነበር። አሁንም አለ።

ሻንጣቸውን ቀድሞ የያዘው ማንጋራ ነበር። በሕጉ የእሱ ናቸው፣ በእውነቱም የእሱ ነበሩ። እኔ ዞር ብዬ ብሄድ ኖሮ ልጅቷ በሰላም ትደርስ ነበር። ግን በዚያ ሳምንት ማንጋራ ሦስት ጊዜ ከእጄ ሰው አስጥሎኝ ነበርና ደሜ ፈልቶ ነበር።

«አባቴ፣ ጎሳዎ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«አምባሪታ።»

«አምባሪታ? እናቴ እኮ የአምባሪታ ልጅ ናት! ቱላንግ!» ብዬ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ።

ቱላንግ፣ የእናት ወንድም፣ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስተምርም። ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የሚከበር ነው። እሱ ያንተ ጋሻ ነው፤ አንተ እጅህን ብታነሳበት እጅህ ይድረቅ ይባላል። እኔ ይህን ቃል ተሳፋሪ መጥሪያ አድርጌው ነበር።

ሽማግሌው ግን እንደ ሌሎቹ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አላለፉም። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ተመለከቱኝ። አንዲት እህት ነበረቻቸው፤ ጃምቢ ተድራ ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አልፎ ነበር።

«የታዮ ልጅ ነህ?» አሉኝ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ወገኖቼ፣ እዚያ ላይ ማንም ሰው ያቆማል። እኔ «አዎ» አልኩ።

አለቀሱ። ከዚያ ወደ ማንጋራ ዞረው ሻንጣውን እንዲለቅላቸው በትሕትና ጠየቁት። ልስላሴው ይቅርብን፣ የእህቴ ልጅ እያለ ከባዳ ጋር አልሄድም አሉ። ሮቱዋ አባቷን ሳይሆን እኔን አየችኝ። «እኛ የጠየቅነው ለስፌቴ ነው። ዘመድ መቼ ጠየቅን?» አለች። የሰማት አልነበረም።

ማንጋራ ሻንጣውን ወደ ራሱ ሳበና ለመናኸሪያው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ባለፈው ማክሰኞ እናቱ ጉልቶም ነበረች!» አለ።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሹፌሩም፣ ኦቾሎኒ ሻጯም፣ ተሳፋሪውም። ያ ሳቅ ነው ያሳበደኝ። ቀበቶዬ ውስጥ የጎማ መፍቻ ብረት ነበር፣ መዘዝኩት። የመጀመሪያው ምት የማንጋራን ትከሻ አገኘው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ይወድቃል ብዬ ነበር፣ አልወደቀም። በደህናው ክንዱ አንቆ አቀፈኝና ጆሮዬን በጥርሱ ያዘው። ጆሮ ሲቀደድ ድምፁ የሚሰማው ከውስጥ ነው፤ እንደ ሸራ ነው የሚቀደደው። ደሙ ዓይኔን ሞላው። የፒናሳ ሰዎች ዱላ ይዘው ሲሮጡ በጭላንጭል አየሁ። የኛም ሰዎች መጡ። አንዱ ከኋላ ኩላሊቴን በርግጫ አለኝ። የኛ ይሁን የእነሱ እስካሁን አላውቅም።

በዚያ መካከል አንድ ድምፅ ሰማሁ። «የእህቴን ልጅ አትንኩ!»

ሽማግሌው ክንዳቸውን ዘርግተው ገቡ። ዱላው ሁሉ በእሳቸው ጀርባ ላይ አረፈ። በሕይወቴ ሙሉ ማንም ስለ እኔ ዱላ ቀምሶ አያውቅም ነበር። እሳቸው ከማንጋራ ሊያላቅቁኝ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የማየው ደምና የሸሚዝ ጥላ ብቻ ነው። ብረቱን ባለ በሌለ ኃይሌ አወረድኩት።

የመታሁት ማንጋራን መስሎኝ ነበር።

ግራ ዓይናቸው ነበር። ምሳ በልታችኋልና ዝርዝሩን እተወዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ሲወድቁ የያዙት እጄን ነበር፣ ወድቀውም አለቀቁኝም።

ሮቱዋ ተንበርክካ የአባቷን ራስ ልታነሳ ስትሞክር ስፌቷ ተተረተረ። ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበሰችው። ደሙ ከሆዷ ሲሰፋ አየሁ፣ እጄ ግን ብረቱን ይዞ ቀረ። ማንጋራ ጆሮዬን ከአፉ ተፋና በአንድ ክንዱ ሽማግሌውን ተሸከመ። የፒናሳ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሳ፤ ተሳፋሪዎቹ ማንም ሳያዝዛቸው ወርደው መንገድ ለቀቁ። አባትና ልጅን ወለሉ ላይ አስተኟቸው። እኔንም የጠራኝ የለም፣ የከለከለኝም የለም። ገባሁና ራሳቸውን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

የተቀናቃኛችን አውቶቡስ ውስጥ ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ወደ ሆስፒታሉ ሲሄዱ የባቡር ሐዲዱን መሻገር አለ። በእኛ ቁጥር አሥራ ሁለት ሐዲዱን ስትሻገር አናትህ ጣሪያ ይመታል። እኔ ሽማግሌውን አጥብቄ ይዤ ንጥረቱን ጠበቅኩ። አልመጣም። ሐዲዱን ማለፋችንን ያወቅኩት በመስኮት ሳይ ነው።

ሽማግሌው በደም የተሸፈነ አፋቸውን ከፍተው፣ «ለስላሳ ነው» አሉ።

ዓይናቸው አልዳነም። የሮቱዋ የአስተማሪነት ቦታ ለሌላ ተሰጠ፤ ሌላ እስክታገኝ ሁለት ዓመት ቆየች። ፖሊስ አሥራ አንድ ቀን አስሮኝ፣ ሽማግሌው ዘመዴን አልከስም ስላሉ ለቀቀኝ። ከእስር እንደወጣሁ በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። ማንጋራ ክንዱን በፋሻ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። በየቀኑ ይመጣ ነበር አሉ። እርስ በርሳችን አልተያየንም።

ውስጥ አሥር የአምባሪታ ሽማግሌዎች አልጋውን ከበው ቆመዋል። አንዱ የእናቴን ስምና የተወለደችበትን መንደር ጠየቀኝ። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ከዋሸሁ፣ የእናቱን ወንድም ዓይን ያጠፋ ሰው ነኝ፤ ከዚያ በላይ እርግማን የለም። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ፣ ጎሳ የሰረቅኩ ሌባ ነኝ፤ ሰውዬውም ለአንድ ወሮበላ ብለው ነው ዓይናቸውን ያጡት። ተንበረከክኩ።

«ዋሽቻለሁ» አልኩ። «እናቴ የማኒክ ልጅ ናት። ታዮን አላውቃትም።»

አንዱ ሽማግሌ በከዘራው ትከሻዬን አለኝ። ሌላው ፀጉሬን ይዞ ጎተተኝ። ይምቱኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ እንዲያውም ቢመቱኝ ይቀለኝ ነበር። ያኔ ከአልጋው ላይ ድምፅ መጣ። ሽማግሌው ፋሻቸውን እንደታሰሩ ቀና አሉ።

«ልቀቁት» አሉ። «መቶ ሰው እየሰማ ቱላንግ ብሎኛል። እኔም ዓይኔን ከፍዬበታለሁ። አሁን ዋሸሁ ብሎ ሊያመልጠኝ? ወደ ቤቴ ያለ ዓይን እገባለሁ፣ ያለ እህት ልጅ ግን አልገባም።»

ይህን የመሰለ ፍርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እስር ቤት አሥራ አንድ ቀን ነው፤ ይኼኛው ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። በሥርዓቱ መሠረት ዓሣ ቀርቦ፣ ኡሎስ ለብሼ፣ የአምባሪታ የእህት ልጅ ተባልኩ። እናቴ ስትሰማ በሩዝ ማማሰያ እያሳደደች መታችኝ። በየዓመቱ ፈቃዴን ወስጄ የት እንደምሄድ ስትጠይቁኝ ዓሣ ላጠምድ ነው እላችሁ ነበር። ሳሞሲር ሩዝ ላጭድ ነበር የምሄደው። ከዚያ የተረፈውን ቀን ደግሞ ጃምቢ እየሄድኩ ታዮን ፈለግኩ። በዘጠነኛው ዓመት መቃብሯን አገኘሁ። ልጅ ሳትወልድ ነው የሞተችው። ተመልሼ ነገርኳቸው። «እንግዲያው አንተ ነህ» አሉኝ።

የእናት ወንድም ሴት ልጅ ለእህት ልጅ ትገባዋለች የሚል ባህል አለን፤ አሁን ዓይናችሁን አታፍጥጡብኝ። ሮቱዋ ተጠይቃ ነበር። «አባቴ የእህት ልጅ ገዛ እንጂ እኔ ባል አልገዛሁም» አለች። ያገባችው ከሆስፒታሉ በር ያልጠፋውን ሰው፣ ማንጋራን ነው። ይኸው ነው ዕዳዬ! ጆሮዬን የበላው ሰው አማቼ ሆኖ በየሠርጉ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ ቆርጬ አቀርብለታለሁ። እሱም የተጣመሙ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ «ትንሽ ጨምርበት» ይላል።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። የልጁ ጥርስ በወለቀ በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየዳሰሱ ወደ መስኮቴ መጡ። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የቀረችው ዓይናቸው ሞራ ሸፍኗታል፤ ሮቱዋ ፔካንባሩ ሐኪም አዘጋጅታ እየጠበቀቻቸው ነው። እነ ኑርማላ ከኋላዬ ቆመው ሰምተዋል።

«ቢንሳር፣ ለስላሳው የትኛው ነው?» አሉኝ።

ያን ጥያቄ ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ አንስተውብኝ አያውቁም ነበር። እኔ ግን በዚያ የትኬት መስኮት ተቀምጬ በየቀኑ ከሌላ ሰው እሰማዋለሁ። ነፍሰ ጡሯ ትጠይቀኛለች፣ ወገቡን የሚያመው ይጠይቀኛል፣ እኔ «የኛ ነው» እላለሁ። በብረት መምታቱን ትቼ በመስኮት በኩል ስመታ ነበር የኖርኩት። ተሳፋሪው የሚደማው እኔ ሳላየው፣ መንገድ ላይ ነው።

ከኋላዬ ልጆቹ አሉ፣ ግድግዳው ላይ የኩባንያችን አርማ አለ። የጠፋችው ዓይን በጥቁሩ መነጽር ውስጥ ታየኛለች።

«ቱላንግ፣ ለስላሳው የፒናሳ ነው» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ ሁለት ዓይን ይኖረኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ከዘራቸውን አነሱና፣ «በል ሁለት ትኬት ቁረጥ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ» አሉኝ።

ወይዘሮ ዴሊማ፣ ዛሬ ጠዋት በእርስዎ እጅ የሰጡኝን የክብር ደብዳቤ አንብቤያለሁ። ዕድሜ ልክ በነፃ፣ በአንጊን ዶሎክ የፊተኛው ወንበር። ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ፍሬም አስገብቼ እሰቅለዋለሁ። ዛሬ ግን አልሄድበትም። በአንድ ሰዓት ውስጥ በፒናሳ አውቶቡስ እንሳፈራለን፤ ወንበር ሦስትና አራት። ይህን ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔ ስሙት ብዬ ነው። የተቆጣ ካለ ይቆጣ። ሊመታኝ የሚፈልግም ካለ፣ የቀረኝ አንድ ሙሉ ጆሮ ነው፣ በቀኝ በኩል ይምጣ።

ጆንሰር፣ ወደዚህ ና። ይህን በጨርቅ የተጠቀለለውን ተቀበለኝ። ክብደቱን አየኸው? ያ ብረት ነው። ፖሊስ ሲመልስልኝ ሐይቅ ውስጥ ልጥለው ነበር፣ ቱላንግ ከለከሉኝ። ብረት ምን አደረገ፣ ለተሠራበት ሥራ ይዋል አሉ። የተሠራው ብሎን ለመፍታት ነው። ሰኞ ጠዋት በዚህ የቁጥር አሥራ ሁለትን ባሌስትራ ፍታልኝ። ወይዘሮ ዴሊማ፣ አዲስ የአየር ትራስ እንዲገዙ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እለምንዎታለሁ። ፒናሳን ማሸነፍ ከፈለግን በዚያ በኩል እናሸንፈው። በባሌስትራ የተሸነፈ ሰው በቡጢ አያሸንፍም።

ሳውት፣ ልጄ፣ ያ ጥርሱን ያወለቅክበት ልጅ እናትና አባት አለው። ከነገ አታሳልፍ፣ ሂድ። እንዲመታህም ፍቀድለት። ምን ብዬ ልሂድ ካልከኝ፣ እኔ ምን ብዬ እንደሄድኩ ነግሬሃለሁ። እኔ የተረፍኩት የማረኝ ሽማግሌ ስላገኘሁ ነው፤ አንተም እንደ እኔ ዕድል ይቀናሃል ብዬ ግን አልምልልህም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ሹፌሮች፣ እጃችሁ መሪ ላይ አይዛል፣ ዓይናችሁ ከመንገድ አይጥፋ። ረዳቶች፣ የምታነሱት ሻንጣ አይክበዳችሁ። የመስኮት ልጆች፣ ሰው ሲጠይቃችሁ እውነቱን የምትመልሱበት ደፋር አፍ ይስጣችሁ። ወይዘሮ ዴሊማ፣ ኩባንያዎ ይስፋ፣ ወንበሮችዎ ይሙሉ፣ ሞልተውም ሰው ተሰብሮ አይውረድባቸው። የወለዳችሁ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ፤ ያልወለዳችሁም እንደ ቱላንግ በድንገት ይስጣችሁ። በክፉ የነካኋችሁ፣ የጮህኩባችሁ፣ የረገጥኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ። ሆራስ፣ ደኅና ሁኑልኝ፣ ወገኖቼ፣ ሆራስ።

ሰዓቱ ደርሷል። ቱላንግ፣ ይነሱ፣ ክንዴን ይያዙ። ማንጋራ፣ ያን ሳህን አስቀምጥና ወደዚህ ና። ሻንጣዬ ይኸውና፣ ከጠረጴዛው ሥር ነው። በል፣ ያዘው።